ድንጋዩ ላይ ሰው የለም

ሰመሩን ሙሉ አባቴን ዜሮ ብዬ ጻፍኩት። በሳምንት አራት ቀን፣ በሥራ ታብሌት፣ እዛው አጠገቡ ቆሜ። እሱ የዓሣ ማጥመጃ ዘንጉን ይዞ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብሏል፣ እኔ ከላዩ ቆሜ «የታየ ሰው፦ ዜሮ» ብዬ እልካለሁ። ደግሞ ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ሃይስኩል አልጨረስኩም። አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ከአንድ አስተማሪ ጋር ተሰዳድቤ ወጣሁ፣ በዛው ቀረሁ። ከዛ ወዲህ ዌርሃውስ፣ ሴኩሪቲ፣ ዴሊቨሪ፣ ሁሉም ጋ ያባረረኝ አፌ ነው። አባቴ «አፍ የተሰጠህ እንድትበላበት ነበር» ይለኛል። እሱን ፊት ለፊት አንቱ ነው የምለው፣ በሆዴ ግን አንተ ነው። እዚህ የምጽፈው በሆዴ ነው።

የምንኖረው ካናዳ፣ ዌስተን የሚባል ሰፈር ነው፣ ባቡሩ ባለፈ ቁጥር ብርጭቆ የሚንጫጫበት ፎቅ ላይ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን። ታክሲ መንዳት ካቆመ በኋላ አባቴ ሶፋው ላይ ሊሞት ነበር። ጉንጩ ገባ፣ ጢሙን መላጨት ተወ፣ ቲቪውን ድምፁን አጥፍቶ ያያል። ከሶፋው ያስነሳው ዓሣ ብቻ ነው። በጠዋት ባልዲውን ይይዛል፣ ሦስት መኪና ቀያይሮ ሐይቁ ጋ ይወርዳል፣ ማታ ሰው ሆኖ ይመለሳል። ዶክተሩ ያልቻለውን ያ ድንጋይ ቻለው።

ሥራውን ያገኘሁት በኤጀንሲ ነው። ኮል አድርገው «ውሃ ትፈራለህ?» አሉኝ። ዋና ባልችልም «ኧረ በፍጹም» አልኩ። በነጋታው ብርቱካን ላይፍ ጃኬት አልብሰው ጀልባ ላይ አወጡኝ። ሦስት ነን፦ ሱፐርቫይዘሯ፣ የሣሩን ሁሉ የላቲን ስም የምታውቅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪና እኔ። ሱፐርቫይዘሯ «የምንሠራው የተከለለውን ሪፍ ካርታ ነው» አለች። እኔ ሪፍ ሲባል ቲቪ ላይ የማየው ቀይና ቢጫ ዓሣ የሚርመሰመስበት የባሕር ውስጥ ድንጋይ መስሎኝ። ካሜራውን ወደ ታች ስንልክ ምን ባይ ጥሩ ነው? ጡብ፣ የተሰበረ ሴራሚክ፣ ፌሮ የወጣበት ኮንክሪት፣ አንድ መታጠቢያ ገንዳ። የከተማው ፍርስራሽ ነው እኮ! ዱሮ ሕንፃ ሲያፈርሱ እዚህ ደፉት፣ ዓሣው ገብቶ እንቁላል ጣለበት፣ ኤሊው መጣ፣ ያ አንገቱ ረጅም ጥቁር ወፍ ዛፉ ላይ ሰፈረ፣ አሁን ቆሻሻው የተከበረ ሆነ። እኔም ቆሻሻ ተብዬ ነው ከትምህርት ቤት የወጣሁት፣ ማንም አልከለለኝም።

ካርታው ሦስት ነው፣ አንዱ በአንዱ ላይ የሚደረብ። አንዱ የውሃውን ወለል ያሳያል፣ አንዱ የሚኖርበትን እንስሳ፣ አንዱ የሚጠቀምበትን ሰው። ወለሉን ጀልባው ላይ የተገጠመው ማሽን ነው የሚያነበው። እንስሳው ለተማሪዋ ደረሳት። ሰው ለእኔ።

«አንተ ከሰው ጋር ጥሩ ነህ» አለችኝ ሱፐርቫይዘሯ። ካወቀችኝ ሁለት ቀኗ ነው። በሁለቱ ቀን ውስጥ ከእሷም ከተማሪዋም ጋር ተጣልቻለሁ።

ሥራው ቀላል ነው። በእግር ዳርቻውን እዞራለሁ፣ ሰው ሳይ ምን እንደሚያደርግ፣ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚመጣ፣ ከየት ሰፈር እንደሆነ እጠይቃለሁ፣ ታብሌቱን ስነካው ካርታው ላይ አንድ ቀይ ነጥብ ይወድቃል። ስም የለበትም። ጠባብ ጀልባ የሚቀዝፉት የካያክ ክለቡ ሰዎች ጋ ስሄድ ተሰልፈው ነው የሚጠብቁኝ። አንዷ፣ ባርኔጣዋ ጃንጥላ የሚያክል፣ ባገኘችኝ ቁጥር «አስገባኸኝ? ነጥቤ ገባች?» ትለኛለች። ውሻዋንም ካላስገባህ ብላ ተከራክራኛለች።

በሦስተኛው ቀን ድንጋዮቹ ወደ ውሃው እንደ ክንድ የወጡበት ጋ ደረስኩ። ሰባት የሐበሻ ሽማግሌ፣ ሰባት ባልዲ። አባቴ መሀል።

«ማነው ይኼ ብርቱካኑ?» አለ አንዱ። ከጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር የሚመጣ ዲያቆን ነው።

«የእኔው ጉድ ነው» አለ አባቴ ሳይዞር።

«ጎሽ! ሥራ ያዘ በለኛ!»

«እስኪባረር ነዋ።»

ሳቁ። ጥርሴን ነክሼ ታብሌቱን አወጣሁ። «ሰርቬይ ነው ጋሼ። ስንት ጊዜ ትመጣላችሁ፣ ምን ትይዛላችሁ፣ ይኼው ነው። ካርታ ላይ ይገባል።»

ሳቁ ቆመ። ዳር የተቀመጠው ቀጭን ሽማግሌ፣ የክሬሰንት ታውን ሰፈሩ፣ መንጠቆው ላይ ትል እየሰካ ነበር። ቀና ሳይል «ልጄ፣ እኛን አትጻፈን» አለኝ።

«ስም እኮ የለውም። ነጥብ ብቻ ነው።»

«በደርግ ጊዜ ቀበሌ ቤታችን መጥቶ ቤተሰብ ቆጠረ። ለስኳር ነው አሉ። እናቴ ድርሻ እንዲጨመርላት ወንድሜንም አስጻፈችው፣ ተደብቆ የነበረውን። ስኳሩ መጣ። ከዛ ያንኑ ወረቀት ይዘው እሱን ሊወስዱ መጡ።» ትሉን ጨርሶ ሰካ። «ሄደ፣ ቀረ።»

«ይኼ ካናዳ ነው እኮ ጋሼ።»

«ካናዳ መሆኑን አንተ ሳትወለድ ነው ያወቅኩት። አትጻፈን።»

ወደ አባቴ አየሁ። አባቴ ወደ ውሃው። «ሰምተሃል» አለኝ።

ወንጀል እየሠሩ እኮ አይደለም። በእነሱ ዕድሜ የማጥመጃ ላይሰንስ እንኳን አያስፈልግም፣ መታወቂያ ማሳየት ነው። ሆኖም የሳቃቸው ንዴትም ነበረብኝ፣ መንግሥት የሚባለውንም አልወድም፣ ደግሞ አባቴ ከስንት ዓመት በኋላ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ዜሮ ብዬ ላክሁ። በማግስቱም ዜሮ። ማታ ቤት ስገባ ምድጃው ላይ በሳህን የተከደነ የተጠበሰ ፐርች ዓሣ አገኘሁ። ቆሜ በላሁት።

ኦገስት ላይ ፍልሰታ ገባና ድንጋዩ ሞላ። ሌላ ጊዜ ሰባት የነበሩት አሥራ አምስት ሆኑ። ዲያቆኑ ሁልጊዜ አንድ ነው የሚለው፦

«በፍልሰታ ዓሣ አይበላም፣ ስንቴ ልንገራችሁ?»

«አንተ ታዲያ ምን ልታደርግ መጣህ?» ይለዋል አባቴ።

«እኔማ አጠምዳለሁ እንጂ አልበላም።»

«ባልዲህ ግን ሁሌ ከእኔ ባልዲ ይከብዳል።»

«ለጎረቤት ነው!»

«ጎረቤትህን ወደ ሲኦል እየላክኸው ነዋ!»

አምባዛ ከወጣ ደግሞ ቅርፊት የለውም፣ አይበላም ብለው መልሰው ይወረውሩታል፣ አንዳንዱን እየሰደቡት። ተማሪዋ ይኼን ብታውቅ አንድ ሙሉ ወረቀት ትጽፍበት ነበር። እኔ ከላይ ቆሜ ዜሮ።

አንድ ቀን ካሜራው ከድንጋዩ ሥር የተጠላለፈ የማጥመጃ ክርና ክር የሚያሰምጥ የእርሳስ ብረት ክምር አሳየን። ተማሪዋ ወደ እኔ ዞረች። «እዚህ የሚያጠምድ ሰው የለም አላልክም?»

«ማዕበሉ ነው ያመጣው።»

«እርሳስ በማዕበል ይመጣል?»

«አንቺ ሣርሽን ቁጠሪ» አልኳት። ሱፐርቫይዘሯ በመሀል ገብታ «ዳርቻውን የሚዞረው እሱ ነው፣ እሱ ያውቃል» አለች። አመነችኝ። በሕይወቴ ሰው አምኖኝ አያውቅም፣ ያመነችኝ ስዋሽ ነው።

ኦክቶበር ላይ ቢሮ ተጠራን። ረቂቁ ካርታ ግድግዳውን ሞልቶታል። የካያክ ክለቡ ዳርቻ ኩፍኝ እንደያዘው ልጅ ቀልቷል። የድንጋዩ ክንድ ግን ንጹሕ አረንጓዴ፣ አንድ ነጥብ የለበትም። ሱፐርቫይዘሯ ጣቷን እዛ ላይ አድርጋ ደስ ብሏታል። ዓሣው በብዛት የሚራባው እዚህ ነው፣ ሰው ደግሞ አይጠቀምበትም፣ ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ይዘጋል፣ አጥር ይገባል አለች። ካያኮቹ ጋ ግን ሰው ስለበዛ መዝጋት አይቻልም። «ማንም የማይጎዳበት ውሳኔ ነው» አለች።

«እዛ ሰው አለ» አልኩ።

«ስንት ሰው?»

«ሰባት። በኦገስት አሥራ አምስት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከድሮ።»

የላክኋቸውን ሪፖርቶች ገለጠች። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። አልጮኸችም፣ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ከሥራው ብባረር እንዳልገረም፣ መረጃው ተዘግቶ ወደ ከተማው መላኩን፣ አሁን ያለው ዕድል ካርታው ከመጽደቁ በፊት የሚደረገው የሕዝብ ስብሰባ ብቻ መሆኑን ነገረችኝ። የሚጠቀም ሰው ራሱ መጥቶ ፎርም ላይ ስሙን፣ አድራሻውን ጽፎ ይፈርም።

ስም፣ አድራሻ፣ ፊርማ። ሰባቱ ሽማግሌዎች! ሳቄ መጣ፣ በእውነት ሳቅሁ። እሷ የናቅኋት መሰላት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰ ለአባቴ ነገርኩት።

«ጻፍከን አይደል?» አለኝ ጫማውን እንኳን ሳያወልቅ።

«አልጻፍኳችሁም! ጣጣው ይኼ ነው! ስላልጻፍኳችሁ ነው የሚዘጋው!»

«ሳይጻፍ እንዴት ይዘጋል?»

«ሰው የለም ብለው ነዋ! አትጻፈን ብላችሁ የለ? ይኸው የላችሁም!»

«አንተ እዛ የቆምከው ለምንድነው ታዲያ? ማሰብ የእኛ ሥራ ነው? እኛ ፈርተን ነው፣ አንተ ምን ሆነህ ነው?»

በሩን በኃይል ዘግቼ ወጣሁ።

አባቴ ወደ ስብሰባው እንዲመጡ ለሁሉም ደወለ። ዲያቆኑ ወገቤን ያመኛል አለ። ሌሎቹ እናያለን አሉ። የክሬሰንት ታውኑ ሽማግሌ ገና «ፎርም» ሲባል ስልኩን ዘጋው።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለታችን ስብሰባው ሄድን። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ኮቱን ለብሷል። አዳራሹ በካያክ ሰዎች ጢም ብሏል፣ ቡናና ኩኪስ ይዘው እንደ ሠርግ ይሳሳቃሉ። ካርታው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። አባቴ መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለ፣ በጣቱ ዳርቻውን ተከትሎ ክንዱ ጋ ደረሰ።

«እኛ የታለን?»

«አረንጓዴ ማለት ሰው የለም ማለት ነው።»

«ምን ብለህ ነው የጻፍከው?»

«ዜሮ።»

«እኔ እዛ ተቀምጬ?»

«አዎ።»

«ጠዋት እንደምን አደሩ ብለኸኝ፣ ከዛ ዜሮ?»

«አዎ አልኩ እኮ!»

ከዛ ፎርሙን ወስዶ ጻፈ። አንድ መስመር ብዙ ጊዜ ፈጀበት። ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ። ከሦስት መንግሥት ስሙን የደበቀ ሰው ነው፣ አጠገቡ ቆሜ አየሁት። ጠረጴዛው ጋ ያለችው ልጅ አንድ ቀይ ተለጣፊ ነጥብ ልጣ ሰጠችው።

«ሰባት ስጪኝ» አላት በእንግሊዝኛው።

«ለአንድ ሰው አንድ ነው። ሌሎቹ ራሳቸው መምጣት አለባቸው።»

ነጥቡን ክንዱ ጫፍ ላይ ለጠፈው፣ ልክ የሚቀመጥባት ድንጋይ ላይ። ከኋላችን ባለ ባርኔጣዋ ሴትዮ አንገቷን አስገብታ «ውይ፣ እዚህ ሰው አለ እንዴ? ስንት ዓመት ስቀዝፍ አንድም ሰው አይቼ አላውቅም!» አለች።

በዚህ ጊዜ አፌ አመለጠኝ። «አይተሻል! እያንዳንዱን ቀን እጅሽን ታወዛውዥላቸዋለሽ! አንድ ቀን ክራቸው ካያክሽ ላይ ተጠምጥሞ ይኼ ሰውዬ ነው ጎንበስ ብሎ የፈታልሽ! ውሻሽን እንኳን አስገብቻለሁ!» ሌላም ብዙ አልኩ፣ የማይጻፍ። ሱፐርቫይዘሯ በእጇ በሩን አሳየችኝ። ሴትዮዋ ኩኪሷን ይዛ «ለምን አልተናገሩም ታዲያ?» አለች፣ ከልቧ ነው የጠየቀችው። ያናደደኝም እሱ ነው።

አፕሪል ላይ አጥሩ ገባ። አረንጓዴ ሽቦ፣ ላዩ ላይ የኤሊ ሥዕል ያለበት ምልክት። ሰባቱ ተበተኑ። አባቴ ካያኮቹ አጠገብ፣ የተፈቀደው ቦታ ሄዶ ሁለት ቀን ሞከረ። የጀልባው ግርግር ዓሣውን ያባርራል፣ ሰዎቹም ባልዲውን እያዩ አፍንጫቸውን ይይዛሉ። በሦስተኛው ቀን ሶፋው ላይ አገኘሁት። ቲቪው ድምፅ የለውም።

ፎርሙን ከሞላ ጀምሮ ግን ደብዳቤ ይመጣለታል። በየወሩ፣ ሙሉ ስሙ ከነአድራሻው፣ አንድም ፊደል ሳይሳሳት። ስለ ተሳትፎዎ እናመሰግናለን፣ የኤሊዎቹ ቁጥር እንዲህ ሆነ፣ ኑና ዛፍ እንትከል። እያነበብኩ እተረጉምለታለሁ። ባለፈው ሳምንት የመጣውን ከእጄ ተቀብሎ ስሙ የተጻፈበትን ጋ በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገና ደረቴ ላይ ወረወረልኝ።

«አየህ» አለ፣ «አገኙኝ።»

ባልዲው በሩ ሥር እንዳለ ነው። ላነሳው እጄን ስሰድ «ተወው!» ብሎ ጮኸብኝ። ተውኩት።