አለቃዋ ሳሎናችን ሲገባ

ትንሿ ልጄ ሥራ ያዝኩ ስትለኝ፣ ለባብሳ የምትወጣ መስሎኝ ጫማዋን ወልውዬ በር ላይ አስቀመጥኩላት። እሷ ግን በነጠላ ጫማዋ መጥታ፣ አባቷ ልብስ ይሰፋበት በነበረው ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፗን ከፈተችና «እማዬ፣ ቢሮዬ ይኸውልሽ» አለችኝ። ድርጅቱ ያለው ሌላ ከተማ ነው። ለሆስፒታሎች የሕመምተኛ ቀጠሮ የሚይዝ ፕሮግራም ይሠራል፤ እሷ ከቤት ሆና ትጽፋለች፣ የተበላሸውን ታስተካክላለች። ከዚህ በላይ ገብቶኛል ብዬ አልዋሽም።

መጀመሪያ ላይ ማን አመናት! ቤት የዋለ ሰው ሁሉ ሥራ ፈት ይመስላል። ጎረቤቴ ዕቃ ሲመጣላት «ልጅሽ ትቀበልልኝ፣ ያው ቁጭ ብላ የለ?» ትለኛለች።

«ሥራ ላይ ናት» አልኳት አንድ ቀን።

«ተቀምጣ?»

«አንቺስ ቆመሽ ምን ሠራሽ?» ብላት በሳቅ ፍርፍር አለች።

አባቷ ግን ነገሩን የያዘው በራሱ መንገድ ነው። ዕድሜ ልኩን ደንበኛ ሲያከብር የኖረ ልብስ ሰፊ ነው። ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ካለው ወዲህ አልጋው ሳሎን ሆነ፤ ኢንተርኔቱም ደህና የሚይዘው እዚያው ነው። ጠዋት ጠዋት የሥራ ባልደረቦቿ ስክሪኑ ላይ ብቅ ብቅ ሲሉ፣ ለእሱ ቤቱ የገቡ እንግዶች ናቸው። አንገቱን ያሰግግና «እንደምን አደራችሁ? ልጆች ደህና ናቸው?» ይላል።

«አባዬ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ እኮ!»

«ታዲያ ስብሰባ ላይ ሰላምታ ክልክል ነው?»

እነሱም ለመዱት። እንቅልፍ የወሰደው ቀን «አባባ የት አሉ ዛሬ?» ይላሉ። አለቃዋ የመጣ እንደሆነማ ካልተነሳሁ ብሎ ከአልጋው ጋር ይታገላል። «ኧረ በሞቴ አይነሱ!» ይላል ሰውየው ከዚያ ማዶ።

ያ ጊዜ ደግ ነበር። ምሳውን በእጇ ታጎርሰዋለች፤ ትን ሲለው አጠገቡ ናት። ክፉም ነበረው። እኔ በወጣትነቴ ከሥራ ስወጣ ከጓደኞቼ ጋር እየተሳሳቅን ነበር ወደ ቤት የምንሄደው። እሷ ላፕቶፑን ትከድንና ሥራው አለቀ ይባላል፤ አብሯት የሚወጣ የለ። ጀርባዋ ጎበጠ፤ ብቻዋን ማውራትም ጀመራት።

እንዲህ እንዳለን ድርጅቱ ሰው ሁሉ ወደ ቢሮ ይመለስ አለ። ጭራሽ እሷን የቡድን መሪ ሊያደርጓት ነበር። የሆነ ነገር እንዳለ ፊቷን አይቼ ነው ያወቅኩት፤ እስክጠይቃት አልነገረችኝም። ብትሄድ እሱን ብቻዬን ማንሳት አልችልም፣ ጉልበቴ ከዳኝ። ብትቀር ደግሞ ሥራው ሊቀርባት ነው።

በጠዋቱ ስብሰባ አለቃው ቁርጧን ጠየቃት።

«መምጣት አልችልም» አለች፤ «አባቴን እናቴ ብቻዋን አታነሳውም። ከቤት ልሥራ።»

«ትሄዳለች!» አለ አባቷ ከአልጋው ላይ። «እኔ ዕቃ ነኝ እንዴ የምጠበቀው?»

«አባዬ፣ የተጠየቅኩት እኔ ነኝ» አለችው፣ ዞር ሳትል።

አለቃው ከበላዮቼ ጋር ልነጋገር አለ። የዚያን ሰሞን ስልኳ በጮኸ ቁጥር እኔም እደነግጥ ነበር። በመጨረሻ መልሱ መጣ፦ ከቤት ትሥራ፤ መሪነቱን ግን ቢሮ የሚገባ ሰው ይያዘው። ያን ቦታ የያዘው ሥራውን ራሷ ያስለመደችው ልጅ ነው።

መታጠቢያ ቤት ገብታ ውኃውን ከፈተችው። ማልቀሷን አውቄያለሁ፤ አላንኳኳሁም። ፊቷን ታጥባ ወጣችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ሰንበትበት ካለ በኋላ የአባቷን አንሶላ ስንቀይር «ይቆጭሻል?» አልኳት።

«እንዴት አይቆጨኝ እማዬ!» አለች። «በጣም ነው እንጂ የሚቆጨኝ። በይ አሁን በዚያ በኩል ትከሻውን ያዢው።»

ያዝኩት። እሷ ወገቡን ደግፋ ቀስ አድርገን ወደ መስኮቱ አዞርነው።