ያላየውን አይቻለሁ ያለ ሰው

ጋሽ መጋረጃ የሚለውን ስም ያወጡለት ተመልካቾቹ ናቸው። ባለ አንድ አዳራሽ ሲኒማ ቤቱን ከከፈተ ጀምሮ፣ ፊልም ሊጀመር ሲል ቀዩን መጋረጃ ገመድ ስቦ የሚገልጠው እሱ ራሱ ነው። ሞተር አስገጥም ያሉት ሁሉ ሰልችቷቸው ትተውታል። እሱም ሰልችቶታል። ትከሻው ከገመዱ ጋር አብሮ ሲጥ ሲጥ ማለት ጀምሯል፤ ግን ሰው ከሚሠራው ግማሹን የሚሠራው መተው ከመሥራት ስለሚከብደው ነው።

በሕይወቱ ሠራሁ የሚለው አንድ ነገር ቢኖር፣ ለአንድ ሕግ አራት ዓመት ደጅ መጥናቱ ነው። ድሮ ፊልሞችን ለሲኒማ ቤቶች የሚያከራየው አከፋፋይ ባለ ሲኒማዎቹን እንዳሻው ያደርጋቸው ነበር። አንድ ደህና ፊልም የፈለገ አምስት የማይረቡ አብሮ ይሸከማል፤ ያንንም ቢሆን ፖስተሩን እንጂ ፊልሙን ሳያይ ነው ለጨረታ ዋጋ የሚያስገባው። ጋሽ መጋረጃና ስድስት መሰሎቹ አቤት ሲሉ፣ ሲመለሱ፣ ደግመው አቤት ሲሉ፣ በመጨረሻ ሕጉ ወጣ። ከእንግዲህ ፊልም ሁሉ ከጨረታው በፊት ለባለ ሲኒማዎቹ ይታያል፤ ያየም «ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይቻለሁ» ብሎ መዝገብ ላይ ይፈርማል። ያልፈረመ አይጫረትም።

በመጀመሪያዎቹ ማክሰኞዎች ሰባቱም እንደ ሚዜ ለባብሰው፣ አከፋፋዩ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥተው፣ ፊት ለፊት ይደረደሩ ነበር። ከዚያ አንዱን ጉልበቱ አመመው። አንዱ ሚስቱን ሐኪም ቤት ማድረስ ነበረበት። አንዱማ «ፊልም በጠዋት ማየት በባዶ ሆድ እንደ መሳቅ ነው» ብሎ ቀረ። ይህን ጊዜ መዝገቡ እግር አወጣ። የአከፋፋዩ ጸሐፊ በብብቱ ሸጉጦ በየሲኒማ ቤቱ እየዞረ፣ አባቶቼ ለምን ትደክማላችሁ እያለ ያስፈርም ጀመር። ጋሽ መጋረጃም ፈረመ። ስድስት ዓመት፣ በየማክሰኞው፣ ቲኬት መቁረጫው መስኮት ላይ ተደግፎ ፈረመ።

ዘንድሮ የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲቃረብ አንድ ፖስተር መጣ። ሕፃን ልጅ ትልቅ ውሻ አቅፎ ይስቃል። ሲኒማ ቤቱ ዓመቱን የሚኖረው በዚያ ዕረፍት ነውና ጋሽ መጋረጃ ልቡ ዘለለ፤ እንደ ልማዱ ሳያይ ፈረመ፤ ተጫረተ፤ አሸነፈ፤ ለስድስት ሳምንት ሌላ ፊልም ላያሳይ ውል ገባ።

ፊልሙ ሁለት ጎልማሶች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሦስት ሰዓት ሙሉ ስለ ውርስ የሚነጋገሩበት ነበር። ልጁ የአንደኛው የልጅነት ፎቶ ነው። ውሻው አንዴ በመስኮት ያልፋል።

በመጀመሪያው ቀን ልጆች አለቀሱ። አንዲት እናት ቲኬት ወደምትሸጠው የጋሽ መጋረጃ እህት ሄዳ ውሻው የታለ ብላ ጠየቀቻት፤ እህቱም ሄዷል አለቻት። በሁለተኛው ሳምንት የሚመጣው አንድ ሰው ብቻ ሆነ፤ እሱም ለመተኛት ነው። ዕረፍቱ እንዲህ ካለቀ ሲኒማ ቤቱ እንደሚዘጋ ወንድምና እህት ሳይነጋገሩ ያውቁታል።

«በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ፣ ይባላል» አለች እህቱ መስኮቷን እየዘጋች። «አንተ ግን ወንድምዓለም፣ ሳሩንም አላየህ። ውሻ ነው ያየኸው።»

በማግስቱ የንግድ ውድድር ጽሕፈት ቤት ሄደ። ፊልሙ ሳይታይ ለጨረታ ቀርቧልና ውሉ ይፍረስልኝ አለ። ባለሙያዋ በዕድሜ ልጁ የምትሆን ሴት ናት። መዝገቡን አስመጣች፤ ገልጣም ወደ እሱ አዞረችው።

«አባት፣ ይሄ ፊርማ የማን ነው?»

«የኔ።»

«አይቻለሁ ይላል።»

«አዎ፣ ይላል።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገሩን ዘረዘረችለት። ፊርማው እውነት ከሆነ ውሉ ይጸናል። ሐሰት ከሆነ ውሉ ይፈርሳል፤ ያን ግን በእጁ ጽፎ መስጠት አለበት፤ እሱም ይቀጣል፤ መዝገቡ በሙሉ ይመረመራል፤ የፈረሙት ሁሉ አንድ በአንድ ይጠራሉ። ቤትዎ ይሂዱና ያስቡበት አለችው።

ወሬው ቀድሞት ደርሷል። ከስድስቱ አንዱ፣ ባለ ሁለት አዳራሽ ሲኒማ ያለው፣ ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ጠበቀው። ይዘኸን አትውደቅ፣ አብረን የታገልን ሰዎች ነን፣ የሚለውን ሁሉ አለው።

«አራት ዓመት ታገልን» አለ ጋሽ መጋረጃ። «ስድስት ዓመት ዋሸን። የቱ ይበልጣል?»

ባለ ሁለት አዳራሹ ሳይሰናበት ሄደ።

የዚያን ቀን ለባዶው አዳራሽ መጋረጃውን ሲስብ ጋሽ መጋረጃ ብዙ አሰበ። አከፋፋዩን መስደብ ቀላል ነበር፤ የኖረበትም ነው። ግን አከፋፋዩ ያደረገው ቢኖር የደከሙ ሰዎች ደጃፍ ድረስ መዝገብ መላክ ነው። ሕግን ጠላቱ ሲጥሰው የሚጮህ አይጠፋም። የለመኑት ሰዎች ደክሟቸው ሲተዉትስ ማን ይጮህለታል? ገመዱን አሰረና ኮቱን ደረበ።

ባለሙያዋ ፊት የጻፈው ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ያላየሁትን አይቻለሁ ብዬ ፈርሜአለሁ። ደክሞኝ ነበር።» ሁለተኛው ለጉዳዩ አያስፈልግም፣ ይሰርዙት አለችው።

«ልጄ» አላት፣ «እውነቱ እኮ እሱ ነው።»

አልሰረዘውም። ውሉ ፈረሰ፣ እሱም ተቀጣ፣ አከፋፋዩም ተቀጣ፤ መዝገቡ ከማሳያው ክፍል እንዳይወጣ ታዘዘ። ስድስቱ ወዳጆቹ መንገድ ላይ ሲያዩት የሱቅ መስታወት ማየት ያዙ። ከዕረፍቱ የቀረው ሦስት ሳምንት ነው፤ ለዚያ የሚሆን አንድ ፊልም ማክሰኞ ይታያል፤ ጨረታውም የዚያኑ ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል።

ማክሰኞ ጠዋት አራቱን ፎቅ በየደረጃው እያረፈ ወጣ። ወንበሮቹ አቧራ ለብሰዋል። ከሱ በቀር የመጣ የለም። ፊልሙ ግን ደህና ጀመረ። አንዲት ልጅ አባቷ ጥሏት የሄደውን ጀልባ ለመጠገን እንጨት ትሰበስባለች። ጨለማው ሞቃት ነበር፤ ወንበሩ ለስላሳ፤ ስንት ሳምንት በቅጡ አልተኛም።

ሲነቃ መብራቱ በርቷል። ጸሐፊው መዝገቡን ዘርግቶ አጠገቡ ቆሟል።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ።»

እስክሪብቶውን ተቀበለ። «ጀልባው ተጠገነ?» አለ።

«ተጠግኗል። ልጆች ይወዱታል፤ ደህና ፊልም ነው፣ በኔ ይሁንብዎት።»

«እኔ ግን አላየሁም። ከመሃል ጀምሮ ተኝቻለሁ።»

«ታዲያ ማን አየዎት? እርስዎና እኔ ብቻ ነን እኮ። ይፈርሙና ይሂዱ፣ ይደክማሉ።»

ደክሞታል። ፊርማው ሁለት ጭረት ናት፤ እጁ ራሷ ታውቃታለች። ግን እስክሪብቶውን ከደነና መዝገቡ ላይ አስቀመጠው።

«እንጨት የምትሰበስብበት ጋ መልስልኝ» አለ።

ጸሐፊው ሰዓቱን አየ፤ ተነፈሰ፤ እያጉረመረመ ወደ ፕሮጀክተሩ ክፍል ወጣ። መብራቱ ሲጠፋ ጋሽ መጋረጃ ወደ ወንበሩ አልተመለሰም። ኮቱን አውልቆ በክንዱ ያዘ፤ የሚያመውን ትከሻውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ቆሞ ያይ ጀመር።