ለሐኪሙ የቀረበችው ወንበር

አማት ማለት፣ በእርግዝና ክትትል ክፍል ያልተጻፈ ደንብ መሠረት፣ ሳታረግዝ የምትመረመር ሴት ናት። እኚህኛዋ ሁልጊዜ ለሐኪሙ በቀረበችው ወንበር ላይ፣ ጃንጥላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ይሰየማሉ። ምራታቸው ከኋላ ተቀምጣ፣ ነጩ መጋረጃ በነፋስ ሲነፋና ሲረግብ እያየች በሐሳብ ትንሳፈፋለች። ለጥያቄው ሁሉ መላሿ አማት ናቸው፤ ያውም በብዙ ቁጥር።

«ወገባችንን ሲቆረጥመን አደረ፤ እግራችንም አብጧል።»

አዋላጇ ሣቋን ከጭምብሏ ሥር ሸሸገች።

ዛሬ ግን ሐኪሙ ወደ ምራቲቱ ዞረ። የበኩር ልጇ በቀዶ ጥገና ነው የተወለደው፤ ያሁኑን በምጥ መሞከርም፣ ቀዶ ጥገናውን መድገምም ይቻላል። የሁለቱንም ሥጋት አስረዳትና፣ «እኔ የማውቀውን ነገርኩሽ፤ አንቺስ ምን ይሻልሻል?» አላት።

የጽንሱ የልብ ትርታ ከመሣሪያው እየወጣ፣ በሩቅ እንደሚጋልብ ፈረስ ኮቴ ክፍሉን ሞላው። አዋላጇ የአማትን መልስ ጠበቀች። አማት ግን ተነሡና ምራታቸውን በክንዷ ይዘው በወንበራቸው አስቀመጧት።

«ተናገሪ እንጂ፣ የኔ ልጅ። እኔን የቀደዱኝ ጊዜ ማንም አልጠየቀኝም።»

«በምጥ ልሞክር» አለች ምራት።

አማት ከኋላ ተቀምጠው መጋረጃውን ያዩ ጀመር።