የአዴ ኢልሊ ግራ እጅ

አዴ ኢልሊ ሞቱማ የተቆጣች ቀን ኮሌጁ በሙሉ ያውቅ ነበር። አትጮህም፤ የብረት ማስመሪያዋን ጠረጴዛው ላይ አንዴ ጧ ታደርጋለች፣ ያ ይበቃል። እኔ ጃለታ የዚያው ኮሌጅ ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። የእኔ መጋዘንና የእሷ ክፍል በአንድ ግድግዳ ስለሚለያዩ የማስመሪያዋን ድምፅ ከደወሉ ይልቅ እሰማው ነበር።

አዴ በኦሮምኛ ወይዘሮ ማለት ነው፤ ከነጆ ወደ አሶሳ የመጣችው ክልሉ ገና ሲቋቋም፣ በታይፒስትነት ነው። ያኔ ቢሮ የሚባለው ሁሉ አንድ ክፍል፣ ሁለት ወንበርና አንድ የጽሕፈት መኪና ነበር። የእኔን የቅጥር ደብዳቤ የጻፈችው እሷ ናት። ጨርሳው ስታየው ስሜ ላይ አንድ ፊደል ተሳስቷል። በቀለም ልታጠፋው ትችል ነበር፤ ወረቀቱን ጨምድዳ ጣለችና ከመጀመሪያው እንደገና ጀመረች። «ሰው ስሙ ተደልዞ ሥራ አይጀምርም» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አከብራታለሁ፣ እውነቱን ለመናገር ትንሽም እፈራታለሁ።

ኮሌጁ ሲከፈት የጽሕፈት መምህርት ሆነች። ሃያ አራት የጽሕፈት መኪና ነበራት። ተማሪው አንገት ላይ ሽርጥ ታስርና ጨርቁን በጣቶቹና በመኪናው ላይ ትዘረጋዋለች፤ ፊደሉን ሳያይ በጣቱ እንዲያውቀው ነው። ጨርቁን ገልጦ ያየ ማስመሪያ ይቀምሳል። መስመሩ ሊያልቅ ሲል መኪናው ቅጭል ይላል፣ ያኔ ግራ እጅ ብቻውን ተነስቶ ዘንጉን ይገፋና አዲስ መስመር ይጀምራል። ሃያ አራት ግራ እጅ እኩል ሲነሳ በመስኮት ያየ ሰው ወታደር የሚሰለጥን ይመስለው ነበር። በክልሉ ቢሮዎች ውስጥ ደብዳቤ የሚጽፈው ሁሉ ከዚያ ክፍል የወጣ ነው።

በ1996 መስከረም ምዝገባ ሲደረግ ግን ለጽሕፈት የመጡት አምስት ብቻ ናቸው። ወጣቱ ኮምፒውተር ካልሆነ አልማርም አለ። ሰላሳ ስምንት ተማሪ ማመልከቻ ጽፎ ለዲኑ ለአቶ ዳምጠው አስገባ። ከሁሉም በፊት የፈረመችው ኑሃ ማህጁብ ነበረች፣ የኩርሙክ ነጋዴ ልጅ። ሁለት ዓመት ደማዚን፣ ሱዳን፣ አጎቷ ጋ ተቀምጣለች። አጎቷ በኮምፒውተር ደብዳቤ እየጻፈ የሚሸጥ ሰው ስለሆነ ዕቃውን እንደ እጇ መዳፍ ታውቀዋለች። ባለፈው ዓመት በአዴ ኢልሊ ክፍል ውስጥ ሽርጧን ፈትታ ተነሳችና «ቲቸር፣ ይሄ መኪና ሞቷል። ሬሳ ላይ ምን እንማራለን?» አለች። ማስመሪያው ጧ አለ፣ ኑሃ ወጣች፣ አልተመለሰችም።

የማመልከቻው መልስ ኅዳር ላይ መጣ። የጽሕፈት ክፍል ይዘጋል፣ በምትኩ የኮምፒውተር ክፍል ይከፈታል። መምህርቷ ደብዳቤው በደረሰ በአሥራ ሁለተኛው ቀን በኮምፒውተር ተግባራዊ ፈተና ትፈተናለች። ካለፈች ታስተምራለች፤ ከወደቀች ካማሺ በታይፒስትነት ትመደባለች። ኮሌጁም የራሱ መምህር ካላገኘ አዲሱ ክፍል ግልገል በለስ ይከፈታል።

መኪናዎቹን ከነሽርጦቻቸው እንድረከብ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። ሄድኩ፤ አንዱን በጨርቅ እየጠረገች ነበር።

«የት ልታደርጋቸው ነው?» አለችኝ።

«መጋዘን።»

«ከሲሚንቶው ጋር?»

ምን ልበላት? የርክክብ ቅጹን አወጣሁ። ያኔ አለቀሰች። አሥር ዓመት ሳውቃት ስታለቅስ አይቻት አላውቅም፣ የማደርገው ጠፋኝ። «ካማሺ መሄድ አይደለም የሚከብደኝ» አለች። «መንገዱንም ጭቃውንም እችለዋለሁ። ሁለተኛ ግን ክፍል አልገባም ማለት ነው፣ ጃለታ። እሱን አልችልም።»

በማግሥቱ ኑሃ መጋዘኔ መስኮት ላይ ቆማለች። አፏን የፈታችው በቤርታ ቋንቋ ነው፣ አማርኛዋ ለወንድም ለሴትም አንድ ነው።

«ጋሼ፣ ቲቸር ያለቅሳል አሉኝ። እውነት ነው?»

ደሜ ፈላ። «እሳቱን የለኮሽው አንቺ! አሁን ደግሞ ጭሱን ልትጠይቂ መጣሽ?»

«እኔ ኮምፒውተር ይምጣ አልኩ። ቲቸር ይሂድ አላልኩም።» ዓይኗን አልሰበረችም። «ቲቸር ከወደቀ ትምህርቱ ግልገል በለስ ይሄዳል። አባቴ ግልገል በለስ አይልከኝም፣ ወላሂ አይልከኝም። ኩርሙክ ይመልሰኛል፣ ይድረኛል። ኻላስ፣ አለቀ።»

ይቺም የራሷ ጣጣ አለባት ማለት ነው። ቁጣዬ ትንሽ በረደልኝና ይዣት ሄድኩ። አዴ ኢልሊ ቀና ብላ አየቻት። ከአጠገቧ ያለውን ወንበር ጎተተችላት።

«አስተምሪኝ አልልሽም» አለቻት። «አጠገቤ ተቀመጪ። ስሳሳት ንገሪኝ።»

«ማስመሪያ አለ?»

«አለ።»

«ቲቸር ሲሳሳት መምታት ይቻላል?»

ሳቄ አመለጠኝ። አዴ ኢልሊ ግን አልሳቀችም፤ «ሞክሪና እናያለን» አለች።

ስድስት ኮምፒውተር ነበረን፣ ከተማሪው ተሰውረው ሽፋን ለብሰው የተቀመጡ። አቶ ዳምጠው የክፍሉን ቁልፍ ሰጠን። መብራቱ የጄኔሬተር ስለሆነ ልምምዱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ብቻ ነው። የእንግሊዝኛው ፊደል አቀማመጥ እንደ ጽሕፈት መኪናው ስለሆነ በመጀመሪያው ቀን ጣቶቿ በረሩ። መስመሩ ሲያልቅ ግን ግራ እጇ ተነሳና የሌለውን ዘንግ ፈልጎ አየሩን መታ። በመስኮት የሚያዩ ተማሪዎች በሳቅ ወደቁ። ፊቷ ሲቀላ አየሁ፤ ልወጣና ላባርራቸው ስል «ተዋቸው» አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን ኢንተር የሚባለውን ቁልፍ አገኘች። ተጫኑት፣ አዲስ መስመር ይጀምራል። እሷም ዘንጓን ያገኘች መሰላት፤ መስመር ባለቀ ቁጥር ትጫነዋለች።

«ቲቸር፣ ኢንተር አትንካ» አለች ኑሃ። «ኮምፒውተር ራሱ ይወርዳል።»

«ሳልነግረው?»

«ሳትነግረው።»

አላመነችም። ኑሃ የፊደሉን መጠን አሳደገችና አሳየቻት። ያ ልቅም ያለ ገጽ በሬ እንደጣሰው አጥር ተበታተነ፤ አንዱ መስመር ሙሉ፣ ቀጣዩ አንድ ቃል፣ ደግሞ ሙሉ፣ ደግሞ አንድ ቃል። የስንት ዓመት የተከበረ ሥራ ልጆች ፊት እንደዚያ ሲፈርስ ማየት ያማል። እኔን አመመኝ፣ እሷንማ እንጃ። አራተኛው፣ አምስተኛው፣ እስከ ሰባተኛው ቀን ያው ነው። ጭንቅላቷ ገብቶታል፣ እጇ ግን አልሰማም አለ።

በስምንተኛው ቀን ኑሃ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች። «መዓሌሽ፣ ቲቸር፣ ግድ የለም። ይሄ ግራ እጅ ሥራ ፈት መሆን አይችልም። ሥራ እንስጠው።» የአዴ ኢልሊን ጣቶች ይዛ ሁለት ቁልፍ ላይ አስቀመጠቻቸው፣ ሁለቱም በግራ በኩል ናቸው። «ይሄ የጻፍከውን ያስቀምጣል። ጄኔሬተር ቢጠፋ የተቀመጠው አይጠፋም። መስመር ሲያልቅ ግራ እጅ ይሄን ይንካ።»

አዴ ኢልሊ ሞከረችው። መስመሩ አለቀ፣ ግራ እጇ ተነሳ፣ ሁለቱን ቁልፍ ነክቶ ተመለሰ። እንደገና። እንደገና። ከዚያ ፈገግ አለች፤ «አንቺ ልጅ፣ ጎበዝ ነሽ» አለች። ኑሃ ያን ቀን እየዘለለች ነው የሄደችው።

ፈታኝ ሆኖ የመጣው ሙንታሲር ነበር። ከአምስት ዓመት በፊት የእሷ ተማሪ፣ ያውም ጨርቅ እየገለጠ ማስመሪያ ደጋግሞ የቀመሰ። እኔ ደስ አለኝ፣ እሷ ከፋት። «ቢያሳልፈኝ አዝኖልኝ ነው ይላሉ፣ ቢጥለኝ ቂሙን ተወጣ ይላሉ» አለችኝ።

እኔን ደግሞ ሌላ ነገር ያስጨንቀኝ ነበር። የጄኔሬተሩን ነዳጅ የማወጣው እኔ ነኝ። ነዳጅ የጫነው መኪና ጊምቢ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቆሟል፣ በርሜሉ ሥሩ ታይቷል። ለአቶ ዳምጠው ነግሬው ነበር፤ «እስከ ስድስት ያደርሰናል» አለ። እስከ ስድስት እንደማያደርሰን ልቤ ያውቃል። ለእሷ ግን እንዳልረብሻት ብዬ ዝም አልኩ፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ፈተናው አምስት ሰዓት ላይ ተጀመረ፣ አንድ ሰዓት ነው የተሰጣት። እያየች እንድትጽፈው የተሰጣት ጽሑፍ የእንግሊዝኛ ነው፣ ሁለት ገጽ። ማስመሪያዋን ከጎኗ አስቀምጣለች፤ ያለ እሱ ክፍል አትገባም። ስትጀምር የመጀመሪያውን ቃል ሁለት ጊዜ አጥፍታ ጻፈችው። ከዚያ ጣቶቿ ያዙ፣ በሃያ አምስት ደቂቃ ጨረሰች። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ሙንታሲር ፍጥነቷንና ስህተቷን መዘገበና ቀጣዩን አነበበ፤ «አሁን የፊደሉን መጠን ያሳድጉ።»

አሳደገች። ገጹ ተበታተነ።

ፈርታ ስለነበር እጇ የድሮውን መንገድ ይዞ ኖሯል። መስመር ባለቀ ቁጥር ኢንተር፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። መስኮቱ ላይ የነበረችው ኑሃ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ካማሺ፣ ኩርሙክ፣ ሁሉም አንዴ መጣብኝ።

ሙንታሲር ዞር ዞር ብሎ አየና ጎንበስ አለ። «ቲቸር፣ ይሄ እኮ በአንድ ጊዜ ይስተካከላል» ብሎ በሹክሹክታ እጁን ወደ ቁልፎቹ ሰደደ።

ጧ!

ማስመሪያው ከጣቶቹ አንድ ጋት ርቆ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። «እጅህን አንሳ፣ ሙንታሲር።»

ያ ከረባት ያሰረ ፈታኝ እጁን ሰብስቦ ከጀርባው ደበቀ፣ ልክ እንደ ተማሪነቱ።

«ስንት ደቂቃ አለኝ?»

«ሠላሳ።»

«አዲስ ገጽ» አለችና ከመጀመሪያው እንደገና ጀመረች።

አሥር ደቂቃ ሄደ። ሃያ ሄደ። ውጭ ጄኔሬተሩ ሳል ጀመረው። ሮጬ ወጣሁ፤ በርሜሉን አዘንብዬ፣ አራግፌ፣ የቀረውን በጣሳ ቀዳሁ። አንድ ጊዜ ነፍስ ዘራ። እንደገና አሳለ። «እባክህ» አልኩት፣ ብረቱን። ለስድስት ሰዓት አራት ደቂቃ ሲቀረው ጠፋ።

ስመለስ ስድስቱም ኮምፒውተር ጠቁሯል። እጆቿ ቁልፎቹ ላይ እንዳሉ ናቸው።

«አስቀመጥሽው?» አልኳት።

«አላውቅም» አለች። «እጄ ነው የሚያውቀው።»

ሙንታሲር ክፍሉን በራሱ ቁልፍ ቆልፎ ሄደ። ነዳጁ በማግሥቱ አራት ሰዓት ላይ ደረሰ። በጄኔሬተሩና በኮምፒውተሩ መሐል የቆምንበትን ያን አንድ ቀን ከዕድሜዬ ላይ ቀንሱልኝ። እሷ ኮሌጁ በር ላይ ከኑሃ ጋር ቆማ ጠበቀች። ኑሃ የመምህርቷን ነጠላ ጫፍ ይዛ ነበር።

ሙንታሲር ኮምፒውተሩን ከፈተ። ጽሑፉ አለ። ግማሽ ላይ የተቆረጠ ቃል እንኳ የለውም፣ እስከ መጨረሻው ሙሉ መስመር ድረስ ተቀምጧል። ፊደሉን አሳደገው፤ መስመሮቹ ቦታ እየተቀያየሩ ተደላድለው ወረዱ፣ አንድም አልተበታተነም።

«ሁለት መስመር ይጎድላል» አለ። «መብራቱ ነው፣ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ሙሉ ብዬ ልያዘው?»

«ጎደለ ብለህ ያዝ» አለች አዴ ኢልሊ።

ጎደለ ብሎ ያዘው። ከመቶ ሰባ አራት አገኘች፣ ማለፊያው ስልሳ ነው። ኑሃ እልል ስትል አቶ ዳምጠው ከቢሮው በድንጋጤ ወጣ። ኩርሙክም ካማሺም ማንም አልሄደም። በጥር አዲሱ ክፍል ሲከፈት አዴ ኢልሊ ከመጋዘኔ ያስወጣችው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ሽርጦቹ። ተማሪው አጉረመረመ፣ ኑሃም አጉረመረመች፣ ማስመሪያው ጧ አለ፣ ታጠቁ።

አዴ ኢልሊ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆናት። እኔም ጡረታ ወጥቻለሁ። ባለፈው ወር ለጡረታዬ ደብዳቤ አሶሳ አንድ ቢሮ ሄጄ ነበር። ደብዳቤውን የሚጽፈው ልጅ ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ፈተናው የነበረ ጊዜ ገና ጡት አልጣለም። በመስኮቱ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ይታያል፣ ጄኔሬተር የሚባል ነገር የለም። ልጁ ሲጽፍ አየሁት። መስመሩ አለቀ፣ ግራ እጁ ተነስቶ ሁለት ቁልፍ ነካና ተመለሰ። ደግሞ አለቀ፣ ደግሞ ተነሳ።

«ማን ነው ያስተማረህ?» አልኩት።

«ቲቸር ኑሃ።»

«በየመስመሩ ለምን እንደዚያ ታደርጋለህ?»

እጁን አየው፣ አሁን ገና ያየው ይመስል። «እንጃ፣ አባባ» አለኝ። «እሷም እንደዚህ ነው የምታደርገው።»

ዓይኔ እንባ ስላቀረረ ደብዳቤውን ለማንበብ ትንሽ ቆየሁ። ስሜን ፈለግኩት። በትክክል ተጽፏል።