ጎማው መሬት ሲረግጥ

ዲላ ውስጥ መኪናውን ከፍ ያላስደረገ ሀብታም፣ ሀብታም የሆነ አይመስለውም። ሞላውን ያስቀይራል፣ ግዙፍ ጎማ ያስገባል፣ ከዚያ ከባንክ ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል ወደ ሠርግ፣ አስፋልት ለአስፋልት ይንሸራሸርበታል። ወንበሩ ላይ ለመውጣት መሰላል የሚያስፈልጋቸው ቦርጫሞች! እንጀራዬ ከእነሱ ስለሆነ ፊት ለፊት አልስቅባቸውም፤ እዚህ ግን ማን ይከለክለኛል።

ሥራዬ ክንድ መሥራት ነው፤ ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚይዘውን ብረት ማለቴ ነው። መኪናው ከፍ ሲል የፋብሪካው ክንድ ያጥራል፣ ጎማውን ከቦታው ይስበዋል፣ መሪውም አልታዘዝ ይላል። የከተማችን በያጆች መላ አሮጌውን ክንድ ቆርጦ መሃሉ ላይ ቧንቧ መቀጠል ነው። እኔ መጀመሪያ ወለሉ ላይ በጠመኔ እስላለሁ፣ በካርቶን ቆርጬ እለካለሁ፣ ከዚያ ነው ብረት የምነካው። ከሁሉ የምንቀው ግን ጎማው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ብሎኑን ጨርሶ የሚያጠብቀውን ነው። መኪናው መሬት ረግጦ ክብደቱ ሲያርፍ ክንዱ ይዞራል፤ ብሎኑ ቀድሞ ከጠበቀ ውስጡ ያለው የጎማ ቀለበት፣ ጎሚኒው፣ ተጠማዝዞ ይቀደዳል። ስለዚህ በእጅ ማስያዝ፣ ከክሪክ ማውረድ፣ መጨረሻ ላይ ማጥበቅ። ይህን ለሠራተኞቼ ጆሯቸው እስኪደነቁር ሰብኬያለሁ።

አንድ የቡና ነጋዴ ፒክአፑን አመጣ። ከሁሉ በፊት ያዘዘኝ፣ "ክንዱን ቀይ ቀባልኝ፣ ከሩቅ ይታይ" ብሎ ነው። ሾፌሩ ደግሞ አጠገቤ እየተንበረከከ "ጋሼ፣ ይሄ ለምንድነው? ያኛውስ?" እያለ ይነዘንዘኛል።

"አንተ መሪህን ያዝ፣ የብረቱን ነገር ለሚያውቅ ተው" አልኩት ሠራተኞቼ ፊት። ሳቁበት።

ሥራው ያለቀ ቀን መኪናውን ከክሪክ ላይ እንዳወረድኩ ነጋዴው ወንጌላዊውንና ዘመዶቹን ይዞ ደረሰ። ሳይጸለይበት አይወጣም አለ። ሁሉም እጃቸውን ኮፈኑ ላይ ጭነው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ የብሎን ቁልፌን ይዤ ቆምኩ፤ ሰው እየጸለየ እግሩ ሥር በጀርባ መሳብ ነውር መሰለኝ። ጸሎቱ ረዘመ። ከአሜን በኋላ እልልታ ሆነ፣ ለስላሳ ታደለ፣ ነጋዴው ፎቶ አልጠግብ አለ። ሾፌሩ በፒክአፑ ዕቃ ሊያደርስ ወደ ቡሌ ወጣ።

ጠርሙስ ስንሰበስብ ቁልፉን ኪሴ ውስጥ አገኘሁት። አንድም ብሎን አላጠበቅኩም። ለሾፌሩ ብደውል ስልኩ አይሠራም። የቡሌን ዳገትና ገደል አውቀዋለሁ። ሞተር ሳይክል ላይ ተፈናጥጬ፣ ያ ያሳቅሁበት ሰው እንዳይሞትብኝ እየለመንኩ ወጣሁ።

መኪናው መንገድ ዳር ቆሟል። ከሥሩ ሁለት እግሮች ወጥተዋል።

እግሮቹ ተንቀሳቀሱ፤ ሾፌሩ ጭቃ ተለውሶ ወጣ።

"ሲንኳኳ ሰማሁና ቆምኩ ጋሼ። ብሎኑን አጠበቅኩት። በክሪክ ግን አላነሳሁትም። ጎማው መሬት ሲረግጥ ነው እርስዎ ሲሉ ሰምቻለሁ።"

በጀርባዬ ገብቼ አንድ በአንድ ፈተሽኩ። ለእኔ የተረፈ ሥራ አልነበረም። ወጥቼ አመሰግናለሁ፣ ይቅር በለኝ ልለው ሲገባ፣ ከአፌ የወጣው "ቀለሙን ጫርከው እኮ" የሚል ሆነ።

እሱ ይቅርታ ጠየቀኝ።