በብርሃን የለካሁት ጭስ

በዞኑ ውስጥ ጭስን በብርሃን የሚለካ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን የምለው ለመኩራራት ሳይሆን ሌላ እብድ አልተገኘም ለማለት ነው። ፍኖተ ሰላም ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ባለሙያ ሆኜ ተመደብኩ። ፊዚክስ የምማረው ለምድጃ መሆኑን ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የነገረኝ አልነበረም። ጊዜው ሰው ሁሉ አንድ ለአምስት የተደራጀበት፣ ሞዴል ያልሆነ ነገር የሚያሳፍርበት ጊዜ ነው። ሞዴል አርሶ አደር ነበር፣ ሞዴል መጸዳጃ ቤት ነበር፤ ሞዴል ምድጃ ደግሞ የእኛ ድርሻ ሆነ።

መለኪያውን በውሰት ያመጣሁት ከተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ነው። በሁለት ጎኑ መስታወት ያለው አጭር ቱቦ በጭስ ማውጫው አንገት ላይ ይገጠማል። በቱቦው ውስጥ ሁለት ቀጫጭን የሌዘር ጨረሮች፣ አንዱ ከአንዱ በላይ፣ በጣት ስፋት ተራርቀው አግድም ያልፋሉ። ጭስ ማለት በጋዝ ላይ የተሳፈረ ጥቀርሻ ነው። የጥቀርሻዋ ቅንጣት ታችኛውን ጨረር ስታቋርጥ ብርሃኑን ትበትነውና ብልጭ ትላለች፤ ላይኛውን ስታቋርጥ ደግሞ እንደገና ብልጭ ትላለች። መሣሪያው በሁለቱ ብልጭታዎች መካከል ያለፈውን ጊዜ ይዞ ጋዙ በምን ፍጥነት እንደሚወጣ ይነግረናል። አንድ ጉድለት ግን አለበት፤ ንጹሕ አየር አይታየውም። ብርሃኑን የሚበትን ነገር ካላገኘ ዜሮ ብሎ ዝም ይላል።

ይህን ሁሉ ለአለቃዬ ግማሽ ቀን ሙሉ አስረዳሁት። ማስታወሻ ይዞ በጥሞና ሲያዳምጠኝ ቆየና፣ «ባጭሩ ቁጥሩ ሲያንስ ጥሩ ነው፤ አይደል?» አለኝ።

ሞዴሉ ምድጃ የተሠራው በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል ባለ ቀበሌ፣ አረቄ እያወጡ በሚተዳደሩ አንዲት ባልቴት ማድ ቤት ነው። ልኬቱ ካማረ ያው ምድጃ በወረዳው ሁሉ ሊሠራ ታቅዷል። ቀደም ብዬ ቦታውን ለማየት ስሄድ ሴትዮዋ ዓይናቸው ደም መስሎ፣ በየመሐሉ እየሳሉ ነበር ያነጋገሩኝ።

«ጭሱ ይመለሳል ልጄ» አሉኝ። «ነፋሱ በወንዙ በኩል የመጣ ለታ እዚሁ ያፍነኛል። ለሠራው ሰው ብነግረው ‹ምድጃው በጥናት የተሠራ ነው፤ አነዳደድዎን ያስተካክሉ› አለኝ። ያንተ መብራት እውነቱን ካወጣልኝ ማውጫውን ያቀኑልኝ ይሆናል፤ ዓይኔ ሳይጠፋ።»

እውነቱን እንደማወጣላቸው ቃል ገባሁ። በዚያ ዕድሜ ቃል መግባት አይከብድም ነበር።

በልኬቱ ቀን ከአለቃዬና ከቀበሌው አጃቢ ጋር ስንደርስ ማድ ቤቱ ተጠርጓል፣ ወለሉ ውኃ ተርከፍክፎበታል፤ ምድጃው ውስጥ ደግሞ ፍም የሆነ ከሰል ብቻ ይታያል። ጭስ ለመድኃኒት እንኳ የለም።

«እናቴ፣ እንጨቱስ?» አልኳቸው።

«የምን እንጨት?»

«ሁልጊዜ የሚያነዱት። እርጥቡ ባሕር ዛፍ፣ ኩበቱ።»

«እንዴ! እንግዳ ቤቴ ጠርቼ በጭስ ላፍን? ምን ዓይነት ባለጌ ናት ልባል ነው? ከሰሉን ለዓመት በዓል ነበር ያኖርሁት፤ ለናንተ ክብር ብዬ አወጣሁት።»

ጭሱን ለመክሰስ ይህን ቀን ሲጠብቁ የነበሩት ሴት ተከሳሹን በገዛ እጃቸው አሸሽተውታል፤ ያውም በጨዋነት! ልስቅም ላለቅስም ቃጣኝ። መሣሪያውን ከፈትኩት። ዜሮ።

«ዜሮ!» ብሎ አለቃዬ አጨበጨበ። አጃቢውም የምን ዜሮ እንደሆነ ሳይጠይቅ ተከትሎ አጨበጨበ።

«ዜሮ ማለት እኮ መሣሪያው ምንም አላየም ማለት ነው» አልኩ።

«ምንም ካላየ ምንም የለም ማለት ነዋ!» አለኝ። ከምድጃው ጎን ቆሞ ፎቶ ተነሣና፣ ስለ ጭስ አልባ ኑሮ ንግግር ሊያደርግ ወደ ግቢው ወጣ። ልኬቱን ለማየት የተሰበሰበው የቀበሌው ሕዝብም ተከተለው።

እኔ ከሴትዮዋ ጋር ቀረሁ። «በሞቴ እናቴ፣ እንግድነቴን ይርሱትና እርጥቡን ያምጡልኝ» ብዬ ለመንኳቸው። ትንሽ አመነቱና ወጥተው ከነቅጠሉ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ታቅፈው ተመለሱ። ምድጃው ውስጥ ሲጨምሩት፣ እስካሁን ባዶ የነበረው መስታወት ውስጥ ጨረሮቹ እንደ ሁለት ቀያይ ክሮች ብቅ አሉ። ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው ያዩ ጀመር። ብልጭታው ቀድሞ የሚታየው ላይኛው ክር ላይ ነው፤ ታችኛው ይከተላል። መሣሪያው ከቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት አስቀመጠ። ነፋሱ የመጣው በወንዙ በኩል ስለነበር ጭሱ ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ ወደ ቤት እየወረደ ነበር። ወዲያው ክፍሉ ታፈነና ሁለታችንም እንስል ጀመር።

ሴትዮዋ በሳሉ መሐል ይስቃሉ። «ይኸው! ይኸው፣ አላልሁህም? ከላይ ወደ ታች ነው የሚመጣው! በል ጻፈው!»

ጻፍኩት። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ በትምህርቴ የኮራሁበት ጊዜ የለም። ከውጭ የአለቃዬ ድምፅ ተሰማ፤ «ማነው እሳቱን ያበላሸው?»

ቢሮ ስንመለስ ሁለተኛውን ቁጥር አሳየሁት። «ከዜሮ በታች?» ብሎ ፊቱ በራ። «ይሄማ ከዜሮም ይበልጣል!» ምልክቱ ጭሱ ወደ ቤት እንደሚመለስ የሚያሳይ መሆኑን ስነግረው ፊቱ ጠቆረ።

«የመጀመሪያው ልኬት በሁላችንም ፊት ተወስዷል። ይሄኛው በማን ፊት ነው የተወሰደው?»

«በሴትዮዋ ፊት።»

«ሴትዮዋ ባለሙያ ናቸው?» የልኬቱን ውጤት የሚሞሉበትን ቅጽ ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «ያንተ ችግር የችሎታ አይደለም፤ የአመለካከት ነው። ግምገማ እየደረሰ መሆኑን እንዳትረሳ። የሁለተኛ ዲግሪ ማመልከቻህም እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነው።»

ቅጹ ላይ ያለው የቁጥር ቦታ አንድ ብቻ ነው። ዜሮ ብዬ ሞላሁትና ፈረምኩ። አላመነታሁም፤ አመንትቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ትንሽ እጽናና ነበር። ምድጃው በወረዳው ሁሉ ተሠራ፤ እኔም በየምረቃው እየተገኘሁ ስለ ሌዘር አስረዳሁ።

በዓመቱ ግድም ቡሬ ገበያ ውስጥ ከሰው ጋር ሳወራ አንዲት ሴት በድምፄ ለይተው ጠሩኝ። እሳቸው ናቸው። አንዱ ዓይናቸው ጨርሶ ነጥቷል፤ በሌላው እኔን ለማየት አንገታቸውን ያዞራሉ። ማውጫውን ማንም እንዳልነካው ነገሩኝ።

«አይ ልጄ፣ አንተስ ደክመህልኛል» አሉ፣ ክንዴን ያዝ አድርገው። «ስትጽፈው በዓይኔ አይቻለሁ። እነሱ አላነበቡት ይሆናል እንጂ።»

«አዎ እናቴ» አልኳቸው፤ «አላነበቡትም።»