ፍልፈሉና የማይታየው ቤት

ሰፈርተኛው «ፍልፈሉ» ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ በሰው ቢሮ ተቀምጦ የመስታወት ፎቆች ሲነድፍ የኖረ ሰው ነው፤ በበጋ እንደ ምድጃ የሚግሉ፣ በክረምት የሚያንቀጠቅጡ ፎቆች። የራሱን ቤት ኮረብታ ላይ ለመሥራት ሲነሳ ግን፣ «ኮረብታው መምጣቴን እንኳ አይሰማም» ብሎ ፎከረ።

ንድፉን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ለሚስቱ አሳያት። ነርስ ናት፤ ቀልድ አታውቅም።

«ቤቱ የታለ?»

«ይኸውልሽ!»

«ይሄማ ጉብታ ነው።»

«በቃ ተሳክቶልኛል!» ብሎ ፈነደቀ።

«እኔ በቁሜ አልቀበርም!» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ቢሆንም ችክ ብሎ ሠራው። ዳገቱን ቆርሶ ቤቱን አስገባበት፤ በወጣው ድንጋይ ግድግዳውን ገነባ፤ ጣሪያውን አፈርና ሣር አለበሰው። የዝናቡ ውሃ ለጓዳው ይጠራቀማል፤ የጠዋት ፀሐይ ሳሎኑን ታሞቃለች። አንዲት ዛፍ መሐል ላይ ብትገጥመው ዛፏን ትቶ መኝታ ቤቱን አጣመመው። ዛፏን ባሞገሰ ቁጥር ሚስቱ፣ «እሷን አታገባም ነበር?» ትለዋለች።

ገብተው መኖር እንደጀመሩ ከማዘጋጃ ቤት ተቆጣጣሪ መጣ። ፍልፈሉ ጣሪያው ላይ ሣር ያጭድ ነበር።

«ይሄን የመሰለ መሬት ጦም ያሳድራሉ?» ሲል አፈጠጠበት። «ግንባታው መቼ ነው የሚጀመረው?»

«አልቋል እኮ ጌታዬ።»

«የቱ?»

«የቆሙበት።»

ተቆጣጣሪው የተቀለደበት መስሎት ፊቱ በርበሬ መሰለ። ይኼኔ ከእግሩ ሥር የሴት ድምፅ አንባረቀ፦ «ማነው አናቴ ላይ የሚረግጠው? ሥራ አድሬ ነው የመጣሁት፣ ልተኛበት!»

ሰውዬው ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረደው ራሱም አያውቅም። ውሃ ሰጥተው አረጋግተው አስገቡት። ውጪው ያቃጥላል፤ ውስጡ ቀዝቀዝ ብሏል። ሶፋው ላይ ዘፍ ብሎ ግድግዳውን ደባበሰ፤ ሊያንቀላፋም ሲል ሥራው ትዝ አለው።

«ግሩም ቤት ነው። ግን በደንቡ መሠረት ከመንገድ መታየት አለበት።»

«እንዳይታይ ብዬ እኮ ነው የለፋሁት!»

ተከራክረው ተከራክረው በሩ ብቻ ደመቅ እንዲል ተስማሙ። ቀለሙን ሚስቱ መረጠች፦ እሳት የመሰለ ቀይ። ፍልፈሉ መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው ፊቱን አጨማዶ ቀባ። እሷ መንገድ ዳር ቆማ፣ «አሁን ገና ቤት መሰለ!» አለች።

ዘንድሮ በሩ ፊት ቁጥቋጦ መትከል ጀምሯል። እሱ ይተክላል፤ እሷ ትከረክማለች።